ዕቃው እጃችሁ ላይ ካለ፦ ድሪፐር ሲያስቸግር ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

አስቀድሜ ሕጉን ላስቀምጥ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትንም መሸጥንም ከልክሏል። እንዲያም ሆኖ ዕቃው ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም አይጠፋም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ትቶት ይሄዳል፣ ጓደኛ ለጓደኛ ያስተላልፈዋል። የአጠቃቀም ወረቀቱ የለም። ሲበላሽ ወስዳችሁ የምታሳዩት ባለሙያም የለም። ልጆቹ ራሳቸው በካቻቢቴ ይፈታቱታል። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሲጋራ አጭሳችሁ የማታውቁ ከሆነ አትጀምሩት። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ ትነቱም ለሳንባ ጉዳት አልባ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ዕቃውን ቀድሞ ለያዘ አዋቂ ሰው ነው።

ድሪፐር ማለት ታንክ፣ ማለትም የፈሳሽ ማጠራቀሚያ፣ የሌለው አቶማይዘር ነው፤ አቶማይዘር ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራው ፈሳሹን አሙቆ የሚያተነው ክፍል ነው። ውስጡ ተጠምዝዞ በብሎን የታሰረ ሽቦ፣ ማለትም ኮይል፣ አለ። በኮይሉ መሃል ጥጥ ያልፋል። ፈሳሹን ራሳችሁ ጥጡ ላይ ጠብ ጠብ ታደርጋላችሁ። ጥጡ ልክ እንደ ኩራዝ ክር ፈሳሹን ወደ ሙቀቱ ይስባል። ብዙው ችግር የሚመጣው ጥጡ የሚስበውና ኮይሉ የሚያተነው ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ ነው። የቀረው ችግር የኤሌክትሪክ ነው፤ አደጋ ያለውም እዚያ ላይ ነው።

ገና ከጅምሩ ሁሉም ነገር አልሆን ይላል

ምልክቱ፦ ሽቦው አይታሰርም፣ አንዱን ስታጠብቁ ሌላው ይላላል፣ ክዳኑ ኮይሉን ይነካል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ የእናንተ እጅ ሳይሆን የዕቃው ዓይነት ነው። ሁለት ኮይል የሚይዝና ቀዳዳዎቹ ጠባብ የሆኑ ድሪፐር ልምድ ላለው ሰው የተሠራ ነው። ለጀማሪ የሚሆነው አንድ ኮይል የሚይዝ፣ ሽቦውን ከላይ በሰፊ ብሎን የሚጨብጥ፣ ከኮይሉ ሥር ጠለቅ ያለ የፈሳሽ ጉድጓድ ያለው፣ አየሩን ከጎን የሚያስገባ ነው። ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል።

አቶማይዘሩ የሚገጠምበት አካል ደግሞ የግድ ውስጡ መቆጣጠሪያ ቦርድ ያለው ይሁን። ስክሪን አለው፣ ኦሙን (የኮይሉን የኤሌክትሪክ መቋቋም) ያነባል፣ ሾርት ካለ፣ ማለትም መነካካት የሌለባቸው ነገሮች ተነካክተው ኤሌክትሪኩ አቋራጭ ካገኘ፣ አልሠራም ይላል። ምንም ቦርድ የሌለውን፣ ቱቦና ቁልፍ ብቻ የሆነውን፣ ጀማሪ ባይነካው ይሻላል። በዚህ አልደራደርም፤ ምክንያቱን ባትሪው ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

የተቃጠለ ጥጥ ይሸታል፣ ጉሮሮ ይልጣል

በጣም የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ጥጡ ደርቆ ኮይሉ ራሱን ጥጡን እያቃጠለ ነው ማለት ነው። ወዲያው አቁሙ። በደረቅ ጥጥ ላይ የጋለ ኮይል ፎርማልዲሃይድን የመሳሰሉ ጎጂ ኬሚካሎች በብዛት ያወጣል። ጉሮሮን የሚልጠው ነገር ማስጠንቀቂያ ነው፤ አትታገሉት።

አንደኛው መንስኤ ቀላል ነው፦ ጠብታው አልቋል። ድሪፐር ጥቂት ከተሳበ በኋላ እንደገና ፈሳሽ ይፈልጋል። ሁለተኛው ጥጡ ታንቋል። በኮይሉ ውስጥ ስትጎትቱት ትንሽ ይዞ መንሸራተት አለበት እንጂ ሽቦውን ማጣመም የለበትም። ሦስተኛው ዋቱ፣ ማለትም የሚሰጠው ኃይል፣ በዝቷል። ካንታል በሚባል የማሞቂያ ሽቦ፣ በ26 ጌጅ ውፍረት፣ በ3 ሚሊ ሜትር ስፋት 6 ጊዜ የተጠመዘዘ ኮይል ወደ 0.8 ኦም ገደማ ይሰጣል። ለእሱ 15 ዋት ላይ ጀምሩና ካስፈለገ በጥቂቱ ጨምሩ።

አራተኛው የአገራችን ነው፦ ብርዱ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ሲበርደው ይወፍራል። ሲወፍር ጥጡ ቶሎ አይስበውም። ቀን ደህና የነበረው ዕቃ ማታ የሚያቃጥለው በዚህ ነው። ጠርሙሱ ላይ 70/30 የሚል ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ሰባው ግሊሰሪን፣ ሠላሳው ደግሞ ቀጭኑ ፈሳሽ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፤ ለብርድ 50/50 የሆነው ይቀላል። ያለው ወፍራሙ ብቻ ከሆነ ጠርሙሱን በደንብ ከድናችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩት። አንዴ ከሳባችሁ በኋላም እንደገና ከመሳባችሁ በፊት ጊዜ ስጡት።

አምስተኛው ጥጡ ራሱ ነው። ከቆላ የመጣ ጥሬ ጥጥ ወይም የእናቶች ባዘቶ ንጹህ ስለሆነ ይሠራል ብሎ የሚሞክር አለ። አይሠራም። ጥሬ ጥጥ ላይ የተፈጥሮ ሰም አለ፤ ፈሳሹን ይገፋዋል። ከፋርማሲ የሚገዛው የሕክምና ጥጥ ሰሙ ስለወጣለት ይስባል። ፖሊስተር የተቀላቀለበትን ግን በፍጹም፤ ይቀልጣል።

አንዴ የተቃጠለ ጥጥ አይድንም። አውጥታችሁ ጣሉት፣ ኮይሉ ሲቀዘቅዝ አጽዱት፣ አዲስ ጥጥ አስገቡ።

ይፈሳል

ፈሳሹን አብዝታችኋል፣ ወይም ዕቃውን አጋድማችሁ አስቀምጣችኋል። ድሪፐር ቆሞ ነው የሚቀመጠው። ከሥሩ አየር የሚያስገባ ከሆነ ትንሽም ቢበዛ ይንጠባጠባል። ክዳኑ ላላ ካለ ደግሞ የጎማ ቀለበቱ፣ ኦሪንጉ፣ ተበልቷልና ይቀየር።

መንገደኛ ከሆናችሁ ሌላ ነገር አለ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ተነስታችሁ ጣርማበርን ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን ስትገቡ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የታሰረው አየር ይሰፋና ፈሳሹን ይገፋል። ቦርሳ ውስጥ የፈሰሰው በዚህ ነው። ጠርሙሱን አቁማችሁ በፌስታል ቋጥሩት፣ ስትደርሱ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። የፈሰሰው ፈሳሽ ኒኮቲን ካለበት በቆዳ በኩል ይገባልና እጃችሁን ወዲያው በሳሙና ታጠቡ።

ትኩስ ፍንጣቂ ምላስ ላይ ይረጫል

ፈሳሽ ኮይሉ ውስጥ ታጉሯል። ትርፉን በሶፍት አድርቁ። ጥጡ በጣም ሳስቶ ከሆነ ጨምሩበት።

ኮይሉ አንድ ቦታ ብቻ ይቀላል

ጥጡን ሳታስገቡ በዝቅተኛ ዋት ለአፍታ አብሩት። መቅላት ያለበት ከመሃል ወደ ዳር ነው። እግሩ ብቻ ከቀላ ብሎኑ ላልቷል። መሃሉ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ከቀላ ጥምዝዙ እኩል አልተጠጋጋም፤ አጥፉትና በሴራሚክ ወረንጦ ቀስ ብላችሁ አስተካክሉት። ይህ የሚሠራው ለካንታልና ለስቴንለስ ነው። ኒኬልና ቲታኒየም ሽቦ እስኪቀላ አይጋልም። ቲታኒየም ሊቀጣጠልም ይችላል።

ስክሪኑ «ሾርት» ይላል፣ ወይም ኦሙ ይዋዥቃል

የተቆረጠው የሽቦ ጫፍ ክዳኑን እየነካ እንደሆነ እዩ። አጥራችሁ ቁረጡት። ከዚያ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ታች ያለውን የመገጣጠሚያ ጥርስ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። እንዲያም አድርጋችሁ ቁጥሩ ከተንቀጠቀጠ አትጠቀሙበት።

ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ልብ ይመታል

ይሄ የኒኮቲን መብዛት ምልክት ነው። ድሪፐር አንዴ ሲሳብ ብዙ ትነት ይሰጣል። ለድሪፐር የሚሆነው በሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም አካባቢ ኒኮቲን ነው። ለትንንሾቹ መሳሪያዎች የተሠራውና «ሶልት» (የኒኮቲን ጨው) የሚባለው ፈሳሽ ግን 20፣ አንዳንዴም 50 ሚሊ ግራም ይይዛል። ጠርሙሶቹ ስለሚመሳሰሉ ሰው ይሳሳታል። አቁሙ፣ ንጹህ አየር ወዳለበት ውጡ፤ ማስመለስ ከመጣ ወይም ካልተሻላችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሕፃን ፈሳሹን ከቀመሰ ደግሞ ምልክት አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ውሰዱት። ጠርሙሱ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጥ።

ዘይት ነክ ነገርም አትጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ሲገባ፣ በዋናነት የተጠረጠረው በተለይ የካናቢስ ንጥረ ነገር ያለበት ፈሳሽ ላይ የተጨመረው የቫይታሚን ኢ አሲቴት ቅባት ነበር። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሕመምተኞችና 68 ሟቾች ተመዝግበዋል። ለሽታ ተብሎ የሚጨመር የመዓዛ ዘይትም አይሆንም።

ባትሪው ይግላል

አሁን አደጋው ጋ ደረስን። 18650 የሚባለው 18 በ65 ሚሊ ሜትር የሆነው ድቡልቡል ባትሪ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው። ቮልቱን ለኦሙ አካፍሉት። በ0.8 ኦም 5 አምፔር ገደማ ይወጣል። በ0.2 ኦም 21 ይሆናል። በ0.1 ኦም 42። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ10 አምፔር በላይ አይችልም። ቦርድ የሌለው መሳሪያ ደግሞ የሚያስቆመው ነገር የለም፤ ባትሪው እስኪፈነዳ ይሰጣል። ከድሪፐሩ ሥር መሃል ላይ ያለው ፒን ወጣ ያለ ካልሆነማ እዚያው ሾርት ሊያደርግ ይችላል።

ላዩ ላይ «9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት» (mAh) የሚል 18650 ካያችሁ ውሸት ነው፤ የዚህ መጠን ባትሪ ትክክለኛ አቅም ከ4,000 ብዙም አያልፍም። ያንን የጻፈ ሰው ስለ አምፔሩም እውነት አይነግራችሁም።

ሌላው መንስኤ መደበቅ ነው። ቤተሰብ እንዳያይ ተብሎ ትርፍ ባትሪ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ትራስ ሥር ቻርጅ ይደረጋል። ሳንቲም ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ባትሪው ኪሳችሁ ውስጥ ይቀጣጠላል። የፕላስቲክ መያዣ ግዙለት፤ ካልተገኘ ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍኑ። የባትሪው ልባስ ከተቀደደ አትጠቀሙበት።

ባትሪው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ካበጠ ወይም ከጮኸ አትክፈቱት፣ ኪስ ውስጥም አታስገቡት። ከቤት አውጥታችሁ፣ ከሣርና ከእንጨት አርቃችሁ፣ ባዶ መሬት ወይም ድንጋይ ላይ አኑሩት። ቢቀዘቅዝም መልሳችሁ ቻርጅ አታድርጉት።

ቻርጅ አይዝም

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ይዘላል፤ ርካሽ ቻርጀርን የሚያበላሸው ይሄ ነው። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ተመልሶ እስኪረጋ ጠብቁ። ባትሪውን ቴስተር ላለው የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ አሳዩ። ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ ከቆየ አይነቃም፣ በጉልበት ለማንቃትም አትሞክሩ።