የኤፒ አሜሪካ ታሪክ ፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው

ኤፒ ማለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወስዱት የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ነው። መጽሐፉን ከገጽ 1 አትጀምሩ፣ አያልቅም። ከ1607 በፊት ያለው ዘመን ከፈተናው ከ4 እስከ 6 በመቶ ብቻ ነው የሚይዘው። ከ1980 ወዲህ ያለውም እንደዚያው። ጉልበታችሁን መሀሉ ላይ አውሉት።

ዓመተ ምህረት መሸምደዱንም ተዉት፤ ሰንሰለቱን ያዙ። አሜሪካ በ1848 ከሜክሲኮ ሰፊ መሬት ወሰደች። በዚያ መሬት ባርነት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? ጭቅጭቁ በ1850 ለጊዜው በስምምነት ተዳፈነ፣ በ1854 በካንሳስና ነብራስካ ሕግ እንደገና ፈነዳ። የባርነትን መስፋፋት የሚቃወመው ሪፐብሊካን ፓርቲ ተወለደ፣ በ1860 ሊንከን ተመረጠ፣ ደቡቦች መገንጠል ጀመሩ። ይህን ሳያዩ መናገር ከቻላችሁ ብዙ ጥያቄ ትመልሳላችሁ።

ትልቁ ነገር ግን የሰነዶቹ ድርሰት ነው፣ ማለትም ፈተናው ላይ በሚሰጧችሁ የታሪክ ሰነዶች ተመርኩዛችሁ የምትጽፉት፤ ብቻውን 25 በመቶ ይይዛል። ሰባት ሰነድ፣ አንድ ሰዓት። ብዙ ልጅ ሰነዶቹን ተራ በተራ ሲተርክ ሰዓቱ ያልቅበታል። ለትረካ ደግሞ ነጥብ የለም! መከራከሪያችሁን መጀመሪያ ጻፉ፣ ቢያንስ በአራት ሰነድ ደግፉት። በሁለቱ ላይ ማን፣ ለማን፣ ለምን እንደተናገረ አሳዩ። ለምሳሌ ከባርነት ያመለጠው ተናጋሪ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1852 የአሜሪካን የነፃነት በዓል «የእናንተ እንጂ የእኔ አይደለም» ያለው ለባርነት ደጋፊዎች አይደለም። የጋበዙት የባርነት ተቃዋሚዎች ነበሩ። ወቀሳው እነሱንም ለምን እንደነካ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካብራራችሁ፣ ፈታኙ የሚፈልገው እሱን ነው።

የ1965ቱን የኢሚግሬሽን ሕግ እንኳ የእኛ የስደተኛ ቤት ልጆች አይረሱትም። ለስደተኞች በትውልድ አገራቸው የተመደበውን ኮታ ያስቀረው እሱ ነው።