ወደ ክትባት ልማት የሚገቡ ኬሚካል መሐንዲሶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ከፖሊ ግቢ በኬሚካል ምሕንድስና ተመርቀው ወደ ክትባትና ባዮሎጂካል መድኃኒት ልማት ለመግባት የሚያስቡ ወጣቶች ምክር ሲጠይቁኝ፣ አብዛኞቹ ወሬውን የሚጀምሩት «ባዮሎጂ ስለማላውቅ» ብለው ነው። ስህተቱም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ባዮሎጂውን መማር ግድ ቢሆንም፣ ሴሉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ በሥራው ላይ አይጠፋም፤ እኛ የምንፈለገው ለሙቀት፣ ለግፊትና ለፍሰት ስሌት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፔኒሲሊንን በጥልቅ ጋን በገፍ የሚያመርት ፋብሪካ ንድፍ ያወጡት ማርጋሬት ሁቺንሰን ሩሶ ኬሚካል መሐንዲስ ነበሩ።

ሁለተኛው ስህተት ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ነው፤ የኦቶክሌቩን (በታመቀ እንፋሎት ሙቀት ዕቃን ከጀርም የሚያጸዳ፣ ማለትም የሚያመክን ማሽን) የግፊት መለኪያ አይቶ ሙቀቱን እንዳወቁት መቁጠር። በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ተለማማጅ የመለኪያው መርፌ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ላይ ሲደርስ ሰዓቱን አስጀመረና፣ ከጎኑ ያለውን የሙቀት መለኪያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ በመዝገቡ ላይ «121 ዲግሪ» ብሎ ጻፈ። ቁጥሩን ያገኘው ከመሣሪያው መመሪያ ሲሆን፣ መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ባሕር ዳር ያለችው ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ የአካባቢው የአየር ግፊት 81 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ነው፤ መለኪያው ደግሞ የሚያሳየው ከዚህ በላይ ያለውን ብልጫ ነው። ስለዚህ መርፌው 15 ላይ ሲቆም እንፋሎቱ 118 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ሦስት ዲግሪ ኢምንት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ጀርም የመግደል አቅሙ ወደ አንድ አሥረኛ እንደሚወርድ ተደርጎ ስለሚሰላ፣ የ15 ደቂቃው ማምከን የ7 ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ይሆናል። ሴል የሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ በማግስቱ ጀርም አድጎበት ሲደፈርስ ሁሉም ጣቱን የቀሰረው በጓንትና በእጅ ንጽሕና ላይ ነበር። እዚህ ከተማ 121 ዲግሪ የሚገኘው መለኪያው 18 ፒኤስአይ ገደማ ሲያሳይ ነው፤ ያውም በውስጡ የታመቀው አየር በሙሉ ከወጣ ብቻ ነው። መታመን ያለበት በዕቃው መካከል የሚቀመጠው የሙቀት መለኪያ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው፣ በ2 ሊትር ባዮሪአክተር (ሴል የሚያድግበት ጋን) የሠራው አሠራር በ2,000 ሊትሩም ይሠራል ብሎ ማሰብ ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ መጠኑ አንድ ሺህ እጥፍ ሲያድግ፣ ሙቀት የሚወጣበት የጋኑ ገጽ የሚያድገው መቶ እጥፍ ብቻ ነው። ኦክስጅን ለማዳረስ አየሩን ማብዛት ቀላል መፍትሔ ቢመስልም፣ የእንስሳት ሴል ጠንካራ ግድግዳ ስለሌለው አረፋው በፈነዳ ቁጥር ይጎዳል። አንዳንድ ጊዜ ብልሃቱ ጨርሶ አለማሳደግ ነው፤ የኤምአርኤንኤ ክትባትን ተሸካሚ የስብ ቅንጣቶች በሚሠሩበት ጊዜ ትልቅ ማደባለቂያ ከመሥራት ይልቅ ትንንሾቹን ጎን ለጎን አብዝቶ መደርደር ተመርጧል።

የመከነ ነገር ሁሉ ለመርፌ ይሆናል ማለትም ስህተት ነው። ባክቴሪያው ቢሞትም፣ ከአንዳንዶቹ ገላ የሚቀረው ኢንዶቶክሲን ትኩሳት ያስነሳል፤ በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያ ያልፋል፣ ኦቶክሌቭንም ይቋቋማል። ከብርጭቆ ዕቃ ላይ ለማጥፋት በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ማቆየት የተለመደ ነው። ለመርፌ በሚሆን ውኃ ውስጥ የሚፈቀደው የኢንዶቶክሲን መጠን በሚሊሊትር ከ0.25 ዩኒት ያነሰ ስለሆነ፣ የውኃ ማጣሪያ ሥራን የጀማሪ ሥራ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው አይገባኝም።

ክትባትን ከመጠን በላይ ማቀዝቀዝ ጉዳት የለውም አይበል ማንም፤ አልሙኒየም ያለበት የቴታነስ ወይም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አንዴ በረዶ ከሠራ ይጣላል።

የሥራ መዝገብን ማታ ቤት ገብቶ ከትዝታ መሙላት ማጭበርበር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በመጨረሻም፣ የእንስሳት ክትባትን ከሰው ክትባት አሳንሶ ማየት የብዙ ተመራቂዎችን ዕድል ይዘጋል። ቢሾፍቱ ለአሥርተ ዓመታት ሲመረት የኖረው የእንስሳት ክትባት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ደስታ የተባለው የከብት በሽታም የጠፋው በክትባት ነው። ሴል ማሳደጉም፣ ማጣራቱም፣ በበረዶ ማድረቁም በመሠረቱ ያው ሥራ ስለሆነ፣ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው ከዚያ ቢጀምር ይሻለዋል።