አሲዳማ የማዕድን ውኃን በኖራ ድንጋይ፣ በፍግና በገራባ ማከም፦ ችግርና መፍትሄ

ከወርቅና ከድንጋይ ከሰል ማውጫዎች የሚፈሰው አሲዳማ ውኃ የሚመነጨው ፓይራይትን የመሰለ ሰልፋይድ (ድኝ የያዘ ማዕድን) ያለበት አለት ከአየርና ከውኃ ጋር ሲገናኝ ነው። ድሬዳዋ የኖራ ድንጋይ ምድር ስለሆነች ይህ ችግር የሌላ ቦታ፣ ማርከሻው ግን የእሷ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው በከተማዋ አሲዳማ ውኃ ራሳቸው አዘጋጅተው ማከሙን በበርሜል ወይም በቱቦ ለሚሞክሩ የቀረበ ነው።

ምንም ያልተጨመረበት ማነጻጸሪያ በርሜል ራሱ «ከጸዳ» ጥፋቱ የቧንቧ ውኃው ነው። የድሬዳዋን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ያየ ሰው ነጩን ቅርፊት ያውቀዋል፤ ያንን የሚተወው በውኃው የሟሟ ባይካርቦኔት ለሙከራ የተጨመረውን አሲድ በከፊል ያረክሰዋል። የሙከራውን ውኃ በተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

የኖራ ድንጋዩ መጀመሪያ ሠርቶ፣ ሳያልቅ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲዳማ ነው) መልሶ ከወረደ፣ አንዱን ጠጠር አውጥቶ መስበር ነው። ውስጡ እንዳለ ሆኖ ላዩ ዝገት በሚመስል ቆዳ ከተሸፈነ፣ አየር ያገኘው ብረት በድንጋዩ ላይ ጋግሮ አሲዱ እንዳይደርስበት ከልክሎታል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ድንጋይ ይጨምራሉ፤ አዲሱም ያው ቆዳ ይለብሳል። በውኃው የሟሟው ኦክስጅን በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ከሆነና ፌሪክ (አየር ያገኘው፣ የሚጋግረው) ብረትም ሆነ አሉሚኒየም እምብዛም ከሌለበት፣ የድንጋዩን አልጋ (ድልድሉን) አየር እንዳይገባው ከድኖ ውኃውን 15 ሰዓት ያህል ከድንጋዩ ጋር ማቆየት፣ ከዚያም በክፍት ገንዳ ብረቱን ማዝቀጥ ይበቃል። ካልሆነ ከድንጋዩ በላይ የበሰበሰ ፍግና የእንጨት ፍቅፋቂ ደልድሎ ውኃውን ከላይ ወደ ታች ማሳለፍ ይሻላል፤ ኦክስጅኑን ፍጉ ይጨርሰዋል፣ ብረቱም ወደማይጋግረው ዓይነት ይመለሳል።

የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሰልፌትን (በውኃው የሟሟውን የድኝ ውህድ) ወደ ሰልፋይድ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች መሥራታቸውን ያሳያል። የሚሸተው ጋዝ ግን መርዛማ ስለሆነ በዝግ ክፍል አይሞከርም።

ብረቱ ወርዶ ማንጋኒዙ ካልቀነሰ ምክንያቱ ድንጋዩ ፒኤቹን ወደ 7 ገደማ ብቻ ማድረሱ ነው፤ ማንጋኒዝ በኬሚካል መንገድ በቶሎ የሚዘቅጠው ከ9 በላይ ነው። የእንጨት አመድ እዚያ ሊያደርሰው ቢችልም የዘቀጠውን አሉሚኒየም መልሶ ሊያሟሟ ይችላል። ስለዚህ ብረቱ ካለቀ በኋላ ጥልቀት በሌለውና አየር በሚያገኝ የጠጠር አልጋ ላይ በዝግታ ማሳለፍን እመርጣለሁ።

ብረታ ብረት እንዲይዝ የገባው የጫት ገራባ (ከጫት የሚተርፈው ቅጠልና ቅርንጫፍ) ወይም የቡና ገለፈት ውኃውን ካጠየመው፣ ቀለሙ ከተክሉ የሟሟ ነው፤ የሚታጠብበት ውኃ እስኪጠራ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ታጥቦም ብረታ ብረቱን ካልያዘ፣ በአሲዳማ ውኃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን ቦታውን ስለሚሻማ ከኖራ ድንጋዩ በኋላ ይቀመጥ። በከተማው ፍየል ገራባ ፈልጎ ስለሚበላ፣ ያገለገለው ብረታ ብረት የያዘ ገራባ ወደ ውጭ አይጣልም፤ ክዳን ባለው በርሜል ተለይቶ ይቀመጣል።