ሱሉልታ ለዓይን ዘመቻ በፈቃደኝነት ለምትወጡ

ወፍራም ሹራብ ያዙ። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥታችሁ ሱሉልታ ሜዳው ላይ ስትደርሱ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይገባል። ታካሚዎቹ ቀድመዋችሁ የጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ታገኟቸዋላችሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። የሞራ ግርዶሽ ዘመቻ ላይ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። አዲስ የመጣ ሁሉ ቀዶ ሕክምናው ክፍል መግባት ያምረዋል። ይግባ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ጎበዝ ሰው የምፈልገው ውጭ፣ አግዳሚ ወንበሩ ጋ ነው።

መጀመሪያ ስም። ስም ከነአባት አይበቃም፤ አያትና ቀበሌ ጨምሩ። አንዴ ስማቸው እስከ አባታቸው አንድ የሆነ ሁለት እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ስጣራ ሁለቱም «አቤት» አሉ። አንዷ የሚሠሩት ቀኝ ዓይናቸውን፣ ሌላዋ ግራቸውን! ስለዚህ «እገሌ ነዎት?» አትበሉ፤ ስማቸውን ራሳቸው ይንገሯችሁ። የሚሠራውንም ዓይን በእጃቸው ያሳዩ። ከካርዱ ጋር አመሳክራችሁ ከዓይኑ በላይ፣ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ግንባሩን አስቀድማችሁ በጎዝ ጥረጉት። ፀጉራቸውን ቅቤ የተቀቡ ከሆነ ፕላስተሩ ተንሸራቶ ይወድቃል።

ብሌን ማስፊያው ጠብታ ከዚያ በኋላ ነው። የታችኛውን ቆብ ዝቅ፣ አንድ ጠብታ፣ ጨረሳችሁ። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍት እንዳይነካ።

ቁርስ በልተው እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ «ኦፕራሲዮን ነው» ብለው እህል ሳይቀምሱ፣ የግፊት ኪኒናቸውንም ትተው ይመጣሉ። እዚህ የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ነው፤ እንደ ሙሉ ሰመመን ጾም ማደር አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለ ሮጣችሁ ለነርስ ንገሩ።

አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሚችል ጋር ተጣመሩ። ቢያንስ «ሂን ሶቾኢና»ን፣ አይንቀሳቀሱን፣ አጥኑ።

በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ እንዳትቀሩ። እልልታው ደስ ይላል፤ ምክር የሚሰማም ስለሌለ ጋብ እስኪል ጠብቁ። ዓይኑ አይታሽ፣ ውሃ አይንካው። ጠበልን አትከልክሉ፣ ጠብ ይሆናል። «ይጠጡት፣ ፊትዎን ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ አያስነኩ» ሲባሉ ይስማማሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሰጣቸውን ጠብታ ቤት የሚያደርግላቸው ሰው እፊታችሁ አንዴ አድርጎ ያሳያችሁ። ዓይኑ ካመመ ወይም ማየቱ ከቀነሰ በዚያው ቀን ይመለሱ። የሚደውሉበትን ስልክ የጠብታው ካርቶን ላይ በትልቁ ጻፉት። ካርዱን ልጆች ይጫወቱበታል።