ያለ ፖስታ ደብዳቤ ማሸግ፦ የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ዘዴ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1587፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ሜሪ ስቱዋርት በእንግሊዝ ፎዘሪንጌይ ግንብ ሆና ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሄንሪ 3ኛ የመጨረሻ ደብዳቤዋን ትጽፋለች። ንጉሡ የመጀመሪያ ባሏ ወንድም ነው፤ እሷ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አንገቷ ሊቀላ ነው። ያስፈረደባት የካቶሊክ እምነቷና በእንግሊዝ ዙፋን ላይ ያላት መብት እንደሆነ ትገልጻለች፤ የአገልጋዮቿን ደመወዝ እንዲከፍልላት ትለምናለች። ሁለተኛ ባሏን አስገድላለች የሚሏትም፣ ሰማዕት ናት የሚሏትም ዛሬም አልታረቁም። እዚህ የምናየው ግን ደብዳቤው የታሸገበትን መንገድ ነው።

በዚያ ዘመን ፖስታ ስላልነበረ ወረቀቱ ራሱ ይታጠፍና ፖስታ ይሆናል። ሰም ብቻውን አያስተማምንም፤ የእንግሊዟ ንግሥት የኤልሳቤጥ ሚኒስትር ዋልሲንግሃም ማኅተም ፈትቶ መልሶ የሚያትም አርተር ግሪጎሪ የሚባል ባለሙያ ነበረው። በ1586 ሜሪ ቻርትሊ በተባለ ቦታ ታስራ ሳለች በቢራ በርሜል ተደብቀው የሚወጡ ደብዳቤዎቿ ሁሉ በዋልሲንግሃም ሰዎች እጅ ያልፉ ነበር፤ የምስጢር ጽሑፏንም የዋልሲንግሃም ሰው ፌሊፕስ ፈታው። ሜሪ የተጠቀመችበት በጠመዝማዛ ጅራት መቆለፍም (ከራሱ ከደብዳቤው ወረቀት የወጣ ቀጭን ጅራት በስንጥቅ ደጋግሞ አዙሮ ማሰር) ቢሆን ማንበብን አይከለክልም። ጅራቱ ሳይቆረጥ ስለማይከፈት፣ የተነበበ ደብዳቤ መነበቡን ይናገራል፤ ጥቅሙ ይህ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በዛሬ ወረቀት ለመለማመድ የቀለለ አሠራር ነው። ያኔ የነበረው ወረቀት ከተልባ እግር ጨርቅ የተሠራ ጠንካራ ነበር። እርስዎ በካሬ ሜትር 100 ግራም የሆነ ኤ4 ወረቀት ይያዙ፤ 80 ግራሙ ሲጎተት ይበጠሳል። ስለታም መቁረጫ፣ ማስመሪያና ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ካርቶን ያስፈልጋል። ሲጽፉ በግራም በቀኝም 2.5 ሳ.ሜ. ባዶ ይተዉ፤ አለዚያ በኋላ የሚቀደደው ቀዳዳ ፊደሎችዎን ይበላል።

መጀመሪያ ጅራቱን ያውጡ። በግራው ጠርዝ 6 ሚ.ሜ. ስፋት አስምረው ከታች ወደ ላይ ይቁረጡ፤ ከላይኛው ጫፍ 4 ሳ.ሜ. ሲቀር ያቁሙ። ጅራቱ ከወረቀቱ መለየት የለበትም። ከተለየ ማንም በሌላ ይተካዋል፣ ያልተለየውን ግን በሌላ ወረቀት መተካት አይቻልም። ጫፉን እንደ መርፌ ያሹሉት።

ጽሑፉ ወደ እርስዎ ዞሮ ሳለ ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ ጠቅልለው ያጥፉት፤ ሰባት እጥፋት፣ ስምንት ንብርብር። የመጀመሪያውን 3.5 ሳ.ሜ. ያድርጉና ቀስ በቀስ ወደ 3.8 ያስፉ። ሁሉንም እኩል ካደረጉ ውፍረቱ ስለሚገፋ የመጨረሻው እጥፋት አፈንግጦ ይወጣል። ጅራቱን አብረው እንዳይጠቀልሉት ይጠንቀቁ። ከዚያ ቁመቱን ለሁለት ያጥፉት፤ ጅራቱ የተያያዘበት ገጽ በውጭ በኩል ይሁን። አሁን 16 ንብርብር አለዎት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነው። ሁለቱ ጫፎች ከተገናኙበት ክፍት ጠርዝ 1.5 ሳ.ሜ. ገባ ብለው፣ ከጠርዙ ጋር ትይዩ 7 ሚ.ሜ. ርዝመት ያለው ስንጥቅ ያውጡ። በአንድ ኃይለኛ ግፊት አይሞክሩ፤ ንብርብሮቹ ይንሸራተቱና ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም። በሌላ እጅ አጥብቀው ይዘው ሦስት አራት ጊዜ በስሱ ይቁረጡ። ስንጥቁ ከ1 ሳ.ሜ. በታች ለጠርዙ ከቀረበ ሲያጠብቁት ይተረተራል።

ጅራቱን ከሥሩ በሰያፍ አጥፈው ወደ ስንጥቁ ያዙሩ፣ ከላይ አስገብተው ከሥር ያውጡ፣ በክፍቱ ጠርዝ ዞረው በዚያው ስንጥቅ ይመልሱ። ሦስት ዙር ይበቃል፤ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ስንጥቁ ስለሚጠብ ጫፉን በቲዊዘር መሳብ ይቀላል። ጅራቱን በጣት እርጥበት ትንሽ ያለስልሱትና ያጥብቁት፤ በጣም ከራሰ ይበጠሳል፣ ከተበጠሰ ደግሞ ከአዲስ ወረቀት መጀመር ነው። የቀረውን ጫፍ ተጭነው ሰም ያንጠባጥቡበት።

ለክፍል ማሳያ ከሆነ ቀን ሲጽፉ ልብ ይበሉ። እንግሊዝ ገና በአሮጌው የጁልየስ አቆጣጠር ስለነበረች ፌብሩዋሪ 8 የተባለው ቀን አዲሱን የግሪጎሪ አቆጣጠር በያዘችው ፈረንሳይ ፌብሩዋሪ 18 ነው። የእኛ አቆጣጠር ከአሮጌው ጋር ስለሚሄድ በኢትዮጵያ የካቲት 14 ቀን 1579 ዓ.ም. ነበር፤ በዛሬው የመቀየሪያ ልማድ ፌብሩዋሪ 8ን የካቲት 1 ብለው ከጻፉ 13 ቀን ተሳስተዋል።