ያገለገለ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዙ ሬዲዮውን ያጥፉ

ገዢ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ትልቁ ባትሪ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብዙ አምራቾች ግን ለእርሱ የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ስለሚሰጡ፣ ምን ያህል እንደቀረው ይጠይቁና የባትሪውን አቅም በምርመራ መሣሪያ ያስለኩ። ኪስ የሚያራቁተው አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ነው።

እነዚህ መኪኖች ፈጣን ብቻ ሳይሆኑ ከባድም ናቸው፤ ብዙዎቹ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናሉ። ጉልበታቸው ደግሞ ፔዳሉ እንደተረገጠ በአንዴ ይመጣል። የዚህን ዕዳ የሚከፍሉት ጎማዎቹ፣ የሰስፔንሽን (የመንገዱን ንዝረት የሚያለዝበው ክፍል) ጎሚኒዎቹና ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሱት ዘንጎች ናቸው። ስለዚህ ሲሞክሩት ሬዲዮውን ያጥፉ፤ ሻጩ ወሬ ከጀመረም በትሕትና ዝም ያሰኙት። መሪውን እስከ ጥግ አዙረው በዝግታ ይንዱ፤ ከዚያ ቀጥ አድርገው ከቆመበት በኃይል ያስነሱት። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ መካኒክ ሳያየው አይዋዋሉ። የጎማዎቹን የውስጥ ጠርዝም በእጅዎ ይዳብሱ፤ ከውጭ አዲስ የሚመስል ጎማ ከውስጥ ሽቦው ወጥቶ ይገኛል።

ፍሬኑን አይርሱ። ሞተሩ ራሱ ፍጥነት እየቀነሰ ኃይል ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ዲስኩ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ብረት ደግሞ ይዝጋል።

ትንሿ 12 ቮልት ባትሪስ? እርሷ ስትደክም ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት በር መክፈት እንኳ ያቅተዋል። ዕድሜዋን ይጠይቁ።

በመጨረሻም የትልቁ ባትሪ ቻርጅ ዝቅ ሲል መኪናውን ፈጣን ቻርጀር ላይ ይሰኩት። ገና ከጅምሩ ኃይል መቀበሉን ከቀነሰ፣ የባትሪውን ማቀዝቀዣ ያስፈትሹ።