«አሽትቼዋለሁ፣ ደህና ነው» እና ሌሎች ስህተቶች

ምግብ ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ያሳለፍኩት ስልክ ላይ ነው። አንድ ምርት ችግር ተገኝቶበት ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ማስታወቂያው ላይ ባለው ቁጥር ስትደውሉ የሚያነሳው ሰው እኔ ነበርኩ። ለማንም ደዋይ የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ «ባች ቁጥሩ ስንት ይላል?» ከዚያ ዝምታ። ቀጥሎ የፍሪጅ በር ሲከፈት ይሰማኛል። በመጨረሻ «ባች ደግሞ ምንድን ነው?»

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ከነዚያ ስልኮች የተለቀሙ ናቸው። አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሸጊያውን መጣል

ፋብሪካ ምግብ የሚያመርተው በዙር ነው። አንድ ዙር ምርት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ባች የምንለው እሱን ነው። ችግር ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው የድርጅቱ ምርት በሙሉ ሳይሆን የተወሰኑ ባቾች ናቸው። ቁጥሩ ከሌላችሁ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ምግብ ከነሱ ይሁን አይሁን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ባርኮዱም አይበቃም። ባርኮድ አብዛኛውን ጊዜ ምርቱ ምን እንደሆነ እንጂ መቼ እንደተመረተ አይናገርም።

እኔ ራሴ ቤቴ ያለውን ሁሉ በመስታወት ዕቃ እየገለበጥኩ በመደርደሪያዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ስለ አንድ ዱቄት የማስታወቂያ ረቂቅ ስጽፍ ዋልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ያንኑ ዱቄት ስጨልፍ እጄ አየር ላይ ቀረ። የየትኛው ባች ነው? ማሸጊያው ከተጣለ ቆይቷል። ይባስ ብሎ ሁለት እሽግ ቀላቅያለሁ። ሙሉውን ደፋሁት። ለሕዝብ «ባች ቁጥሩን አመሳክሩ» ብሎ የጻፈው ሰው ማለት ነው!

በ2006 አሜሪካ ውስጥ ታጥቦ በከረጢት የታሸገ ስፒናች ኢ.ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ተበክሎ ወደ 200 የሚሆኑ ሰዎች ታመሙ። መርማሪዎች ምንጩን ያገኙት ከታማሚዎች ቤት በተገኙ የተከፈቱ ከረጢቶች ነው። በከረጢቶቹ ላይ የታተመው የባች ቁጥር ወደ አንድ ፋብሪካ፣ ወደ አንድ ቀን ምርት፣ ከዚያም ካሊፎርኒያ ወዳሉ ጥቂት ማሳዎች መራቸው። ማሸጊያውን ሁሉም ሰው ጥሎት ቢሆን ኖሮ ፍለጋው ምን ያህል በተራዘመ ነበር።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። በዚህ ነገር ሞኝ ሁኑ። ምግቡን ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ከወደዳችሁ፣ ቁጥሩና ቀኑ ያለበትን ቁራጭ ቆርጣችሁ ዕቃው ላይ ለጥፉት። ወይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አሮጌው ሳያልቅ አዲሱን አትጨምሩበት።

በአፍንጫ መፍረድ

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ቁጥሩን ፈልገው ካገኙና የነሱ ባች መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ እንኳ «ግን እኮ አሽትቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚሉኝ ስንትና ስንት ናቸው። አንዲት እናት እንዲያውም ተቆጡኝ። «ልጄ፣ አርባ ዓመት ቤት አስተዳድሬያለሁ። የተበላሸ ምግብ ከሩቅ አውቃለሁ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የተበላሸ ምግብ ያውቃሉ። ችግሩ፣ ከገበያ የሚሰበሰበው ምግብ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ምግብ አይደለም። ምግብ የሚያገሙና የሚያሻግቱ ተዋሕስያን ሌላ ናቸው፤ ሰው የሚጥሉት ሌላ። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ያለበት ምግብ ምንም ላይሸት ይችላል። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያም እንዲሁ። የብርጭቆ ስባሪ ሽታ የለውም። ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረትም የለውም።

በ2008 ቻይና ውስጥ ውኃ የተቀላቀለበት ወተት ሙሉ ፕሮቲን ያለው እንዲመስል ሜላሚን ተጨመረበት። ሜላሚን ለፕላስቲክ መሥሪያ የሚውል ኬሚካል ነው። ምርመራው ፕሮቲኑን የሚገምተው በናይትሮጂን መጠን ነበር፣ ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጂን የሞላበት ነገር ነው። ወተቱ ምርመራውን አለፈ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፣ ብዙዎቹ በኩላሊት ጠጠር። 6 ሞቱ። ላቦራቶሪን ያታለለ ነገር የእናት አፍንጫ እንዴት ይይዘዋል?

ሊስቴሪያ ደግሞ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች በቅዝቃዜ ሲዳከሙ እሱ ፍሪጅ ውስጥ ይባዛል። ደቡብ አፍሪካ ከ2017 እስከ 2018 በደረሰባት ወረርሽኝ 1,060 ሰዎች መያዛቸው በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ 216 ሞተዋል። ምንጩ ሳይበስል የሚበላ፣ በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ ነበር። ሊስቴሪያ ያለበትን ምግብ የበላ ሰው ምልክቱ እስኪታይበት አንዳንዴ 70 ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ «ትናንት በልቼው ዛሬ ደህና ነኝ» የሚለው ክርክር ውኃ አይቋጥርም። ነፍሰ ጡር ሴት ጉንፋን የያዛት ብቻ ሊመስላት ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ጽንሱ ላይ ነው። ቤታችሁ ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ ሕፃን፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ወይም በሕመም አቅሙ የተዳከመ ሰው ካለ እባካችሁ ከእኔ ጋር አትከራከሩ።

«ትንሽ ቀምሼ ልየው» የምትሉም አላችሁ። ተዉ።

«አፍልቼ እበላዋለሁ»

ሙቀት ብዙ ባክቴሪያ ይገድላል። ባክቴሪያው አስቀድሞ ያመረተውን መርዝ ግን ሁልጊዜ አያጠፋም። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመርተው መርዝ መፍላትን ይቋቋማል። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲንም በቤት ማብሰያ ሙቀት አይጠፋም። ብረትና ብርጭቆማ ቢፈላም ያው ብረትና ብርጭቆ ነው። ማስታወቂያው ራሱ «አብስላችሁ ተጠቀሙ» ካላለ በስተቀር ምድጃችሁ አይፈታውም።

«የኔ ብራንድ አይደለም» ብሎ ገጹን መዝጋት

በ2008 መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አንድ የኦቾሎኒ ፋብሪካ በሳልሞኔላ የተበከለ ምርት አሰራጨ። ስሙን የሚያውቅ ሸማች ጥቂት ነበር፤ ዋና ደንበኞቹ ሌሎች ፋብሪካዎች ናቸውና። የኦቾሎኒ ቅቤውና ሊጡ ብስኩት ውስጥ ገባ፣ አይስክሬም ውስጥ ገባ፣ ከረሜላ ውስጥ ገባ። ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 9 ሞቱ። ከገበያ የተሰበሰቡት የምርት ዓይነቶች ከ3,900 በለጡ። የድርጅቱ ኃላፊ በ2015 የ28 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

የኛ ሥራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ምርት ይወጣል፣ በሳምንቱ አምስት ይጨመራል። ዝርዝሩን አንድ ቀን አይታችሁ አትተዉት፤ ደጋግማችሁ ተመለሱበት።

«ሌላ አገር ነው የተሰበሰበው» የሚለውም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። ምግብ ድንበር ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከ2004 ጀምሮ አገሮች በፍጥነት የሚነጋገሩበትን መረብ የሚያንቀሳቅሱት ለዚህ ነው።

«የሌብል ስህተት ብቻ ነው» ማለት

ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ እያለበት ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈበት ምግብ ለእናንተ የጽሑፍ ስህተት ነው። አለርጂ ላለበት ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ የሚያሳጣ ነገር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ምርት እንዲሰበሰብ ከሚጠይቅባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ይኸው ያልተጻፈ የአለርጂ ቀስቃሽ ነው። ቤታችሁ አለርጂ ያለበት ሰው ባይኖርም እንግዳ ይመጣል፤ የጎረቤት ልጅም ይመጣል።

ቃላቱን በተሳሳተ መንገድ ማንበብ

«ድርጅቱ በፈቃዱ ሰበሰበ» ሲባል ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ምርት የሚሰበሰበው በዚህ መንገድ ነው፣ ሰው የሞተበትም ጭምር። ተቆጣጣሪው ምግብን በሰፊው አስገድዶ የማሰብሰብ ሥልጣን ያገኘው በ2011 በወጣ ሕግ ነው። ድርጅት ራሱ ቀድሞ ሲሰበስብ እንዲያውም እኔ ትንሽ ደስ ይለኛል። ሊሸፋፍነው ይችል ነበር።

የአደጋውን ክብደት የሚያሳየውን ደረጃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚባለውንም ሰው ይገለብጠዋል። በአሜሪካው አሠራር ከባዱ አንድ ነው፤ ለከባድ ጉዳት ወይም ለሞት ሊዳርግ የሚችል ማለት ነው። ሦስተኛው ጤና ላይ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ የማይገመት ነው። አንድ ሰውዬ «ደረጃ አንድ ነው እኮ፣ ገና መጀመሪያው ነው» ብለው አጽናኑኝ። እኔን!

የቆየ ማስታወቂያ ማሰራጨት

ቴሌግራም ላይ «አስቸኳይ! ለወዳጅ ዘመድ አጋሩ» የሚል ፎቶ ይመጣል። ቀኑ ተቆርጧል። ባች ቁጥር የለም። ስልካችን ሙሉ ቀን ሲጮኽ ይውልና ነገሩ ከሦስት ዓመት በፊት ያለቀ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ቀን፣ ባች ቁጥርና ያወጣው መሥሪያ ቤት የሌለበትን ማስታወቂያ አታጋሩ። በሐሰቱ ጩኸት የተሰላቸ ሰው እውነተኛው ሲመጣ አያነብም።

ለውሻ መስጠት

አትስጡ። በ2007 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ያ ሜላሚን በእንስሳት ምግብ ገብቶ ድመቶችንና ውሾችን ገድሏል። ስትጥሉትም ሰው አንስቶ እንዳይበላው አስራችሁ ጣሉት።

ፍሪዘሩን መርሳት

ቅዝቃዜ ሳልሞኔላንም ሊስቴሪያንም አይገድልም። ያስተኛቸዋል እንጂ። ከወራት በፊት የተሰበሰበ ምግብ እዚያ ታች ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ጥሎ መገላገል

ምግቡ ሲጣል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። የነበረበት የፍሪጅ መደርደሪያ፣ የተቆረጠበት ጣውላ፣ ቢላዋው ግን አሉ። በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቧቸው፣ እጃችሁንም። ማስታወቂያው በሊስቴሪያ ምክንያት የወጣ ከሆነ ፍሪጁን በሙሉ አጽዱት።

ዝም ማለት

ምግብ ውስጥ እንግዳ ነገር ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ አይደውልም። ደረሰኝ ጠፍቶበታል፣ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ ወይም ማን ይሰማኛል ይላል። ደረሰኝ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለማስመለስ ነው። አደጋ ለማሳወቅ አያስፈልግም። የተረፈውን ከነማሸጊያው በላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለአምራቹም ለተቆጣጣሪውም ደውሉ። የታመመ ሰው ካለ ሐኪም ይቅደም፤ ምን እንደበላም ለሐኪሙ ንገሩት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንዲት ልጅ ደወለች። ድምፅዋ አይሰማም። «ይቅርታ፣ ለትንሽ ነገር ሥራ አስፈታኋችሁ» አለች። ምግቡ ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ቀጭን ብረት አግኝታለች። ማሸጊያው አለሽ ወይ አልኳት። ከቅርጫት አውጥታ ቁጥሩን አነበበችልኝ። መዝገቤን ገለጥኩ። ከሁለት ቀን በፊት የደወለ አንድ ሰውም ያንኑ ቁጥር ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ አሳድሬዋለሁ። ስልኩን ሳልዘጋ በሌላኛው ወደ ማምረቻ ክፍሉ ደወልኩና ማሽኑ እንዲቆም ነገርኳቸው።